‹ኒሊ ኖመን ሮቦሪስ ኦመን›፦ ከአያቴ ቤት የተገኘው የስኳድሮን አርማ የማን ነው?

ማኅሌት_ዘደጋ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። የአያቴን ቤት ለማሳደስ ዕቃ ስናወጣ ከቁም ሣጥን ጀርባ አንዲት የእንጨት ጋሻ አገኘን። ጋሻ ስል የጦር አይደለችም፤ ከመዳፍ ትንሽ የምትሰፋ፣ በጋሻ ቅርጽ የተቆረጠች፣ ግድግዳ ላይ የምትሰቀል እንጨት ናት። ፊቷ ላይ ቀለም የተቀባ የብረት አርማ ተለጥፏል። ከላይ ዘውድ አለ፣ ዙሪያውን ቅጠል ተጎንጉኗል። ክቡ ላይ የነበረው ጽሑፍ ቀለሙ ረግፎ አይነበብም። መሐል ላይ አንገተ ረጅም ወፍ አለ፤ ሙሉ ወፉ ሳይሆን ራሱና አንገቱ ብቻ። ከወፉ ኋላ ነጭና ሰማያዊ ሞገድ የተሰመረበት ክብ ይታያል። ከታች ባለው ጥቅልል ላይ ‹ኒሊ ኖመን ሮቦሪስ ኦመን› የሚል የላቲን ጽሑፍ እንደ ምንም አነበብኩ።

በቤታችን የሚወራው፣ አያቴ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር ከእንግሊዞች ጋር ከሱዳን ሲመለሱ አንድ የአየር ኃይል መኮንን የሰጣቸው ነው እየተባለ ነው። በስደት ካርቱም መቆየታቸው እውነት ነው። የቀረውን አላውቅም። አርማው የማን ነው? ወፉስ ምን ይሠራል?

ክንፈ_ብረት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡50

እህቴ፣ ደስ የሚል ነገር ነው ያገኘሽው። የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል 47ኛ ስኳድሮን፣ ማለትም የአውሮፕላን ጓድ ነው። መሪ ቃሉ ብቻ ይበቃል፤ ሌላ ማንም አይጠቀምበትም። ትርጉሙ ‹የዓባይ ስም የብርታታችን ምልክት ነው› እንደማለት ነው።

ስኳድሮኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1916 እንግሊዝ አገር ቤቨርሊ በምትባል ከተማ ነው። መጀመሪያ ግሪክ ውስጥ ወዳለው የሳሎኒካ ግንባር ሄደ። በ1919 ደግሞ ቦልሸቪኮችን ይወጉ የነበሩትን፣ ‹ነጮች› የሚባሉትን ሩሲያውያን ደግፎ ደቡብ ሩሲያ ላይ ተዋጋ፤ ያኔ አዛዡ ካናዳዊው ሬይመንድ ኮሊሾ ነበር። ከዚያ ግብፅ፣ ከ1927 ጀምሮ ካርቱም።

አርማውን ለማንበብ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ እያንዳንዱ ስኳድሮን የፈለገውን ይስል ነበር። አንዱ ነብር፣ አንዱ የራስ ቅል፣ አንዱ የአዛዡን ቀልድ። በ1935 ሰር ጆን ሂተን-አርምስትሮንግ የሚባሉ ቼስተር ሄራልድ የሚል የአርማ ሹም ማዕረግ የነበራቸው ሰው የአየር ኃይሉ አርማዎች ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። በ1936 ሁሉም የሚጋራው ክፈፍ ወጣ። ያየሽው ዘውድ፣ የቅጠል ጉንጉንና የክፍሉ ስም የሚጻፍበት ክብ የሁሉም ናቸው። የስኳድሮኑ የራሱ የሆነው መሐሉ ላይ ያለው ሥዕልና ከታች ያለው ቃል ብቻ ነው። እያንዳንዱን ንድፍ ንጉሡ ራሳቸው ፈርመው ያጸድቁት ነበር።

ግዮን27 | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

ይሄማ የእኛ ነው በሉኝ! አሁን ፈልጌ አየሁት። የአርማው መግለጫ ላይ ‹ፋውንቴን› የሚል ቃል አለ። ፋውንቴን ማለት ምንጭ ነው። የዓባይ ምንጭ ደግሞ የት ነው? ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ! ካርቱም ምንጭ የለም፤ እዚያ ሁለቱ ወንዞች ይገናኛሉ እንጂ አይመነጩም። እንግሊዞቹ ግሽ ዓባይን አርማቸው ላይ ስለውት ሰማንያ ዓመት ዝም ብለናል ማለት ነው።

ክንፈ_ብረት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡45

ወንድሜ ግዮን፣ ልብህ ጥሩ ነው፤ ቃሉ ግን አታለለህ። በአርማ ሥርዓት ፋውንቴን የሚፈልቅ ውኃ አይደለም። ነጭና ሰማያዊ ሞገዶች እየተፈራረቁ የሚሰመሩበት ክብ ስም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት መስመር ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ባላባት ጋሻ ላይም ያው ክብ አለ፤ ዓባይን ግን በሕልሙም አያውቅም። ውኃን ለማሳየት የሚያገለግል ፊደል ነው በለው። እዚህ አርማ ላይ ውኃው ዓባይ መሆኑን የሚነግርህ መሪ ቃሉ ነው እንጂ ሥዕሉ ብቻውን ምንም አይልህም።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ ከአሁኑ ልናገር። ‹ነጩ ሞገድ ነጭ ዓባይ፣ ሰማያዊው ሞገድ ጥቁር ዓባይ ነው› የሚል አይጠፋም። ለካርቱም በጣም ያምራል፤ ግን የፋውንቴን ቀለም ሁልጊዜም ነጭና ሰማያዊ ነው። እንግሊዝ መንደር ውስጥ ላለ ኩሬም ያው ነው።

ግዮን27 | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡52

እሺ ተሸነፍኩ። የነጭና የጥቁሩን ግን ልጽፈው ስል ቀደምከኝ 😄

የቅኔ_ማኅደር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡30

ወደ ቃሉ ልመለስ። ‹ኒሊ› የዓባይ፣ ‹ኖመን› ስም፣ ‹ሮቦሪስ› የብርታት፣ ‹ኦመን› ገድ ወይም ምልክት። ‹ብርታታችን› የሚለው ‹-ችን› ላቲኑ ላይ የለም፤ እንግሊዝኛው ነው የጨመረው። ለግዕዝ ተማሪ ይህ አጣጣል እንግዳ አይደለም፤ ዘርፍና ባለቤት እየተናበቡ ነው የሄዱት። ቃል በቃል ሳጠጋው ‹ስመ ግዮን ትእምርተ ኃይል› ይሆናል፤ ማሰሪያ አንቀጽ እንኳን አላስፈለገም።

ውበቱ ያለው ኖመንና ኦመን አንድ ላይ ቤት መምታታቸው ላይ ነው። ሮማውያን ስምንና ገድን አንድ ላይ ማንሣት የቆየ ልማዳቸው ነው። እኛ ‹ስምን መልአክ ያወጣዋል› የምንለውን እነሱ በሁለት ቃል ጨርሰውታል። ቤቱን ሳልለቅ ወደ አማርኛ ለማምጣት ሞከርኩ፦

ዓባይ ስማችን፣
ብርታት ገዳችን።

‹-ችን› ሰርቄ መግባቴን አልክድም፤ ያለ እርሷ ግን ቤት አይመታም። የተሻለ ያለው ይምጣ።

አንገቱን_ያስገባ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡41

‹አባይ› ውሸታም ማለትም ነው እኮ። ‹ውሸታም ስማችን› 😂

የቅኔ_ማኅደር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡58

ለአንተ የሚሆን አለኝ። ሮቡር የሚለው የላቲን ቃል መነሻው የኦክ ዛፍ፣ ጠንካራ ግንድ ነው፤ ብርታት የሚለው ፍቺ ከዚያ ነው የመጣው። ስለዚህ በአንድ መሪ ቃል ውስጥ ዓባይም ግንድም አሉ። ‹ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል› ያለው ያገራችን ሰው የ47ኛን አርማ ቀድሞ ሳያውቀው አልቀረም። ከሳሎኒካ ሩሲያ፣ ከሩሲያ ግብፅ፣ ከግብፅ ካርቱም ለዞረ ስኳድሮን ከዚህ የተሻለ ሰም ለበስ ከየት ይመጣል?

አንገቱን_ያስገባ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡03

እጅ ሰጠሁ።

ወፍ_ቆጣሪዋ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ወፏን ሁላችሁም ረሳችኋት! ዲሞይዜል ክሬን ትባላለች። ሽመላ ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ አንገቷና እግሯ ቢመሳሰልም ቤተሰቧ ሌላ ነው። ከክሬን ዘመዶቿ ሁሉ በቁመት ትንሿ እሷ ናት። አካሏ ግራጫ ነው፣ አንገቷ ጥቁር፤ ከዓይኗ ኋላ ወደ ማጅራቷ የሚወርድ ነጭ ለስላሳ ላባ አላት፣ እንደ ሻሽ ጫፍ። ማኅሌት፣ አርማሽ ላይ ያ ነጭ ላባ ይታይ እንደሆነ ንገሪኝ።

ለምን እሷ ተመረጠች? ሠፈሯን ተመልከቱ። በበጋ ከጥቁር ባሕር ሰሜን እስከ መካከለኛው እስያ ባለው ሜዳ ላይ ትፈለፍላለች፤ ደቡብ ሩሲያም እዚያ ውስጥ ነው። ክረምታቸው ሲገባ ከፊሉ ወደ ህንድ፣ ከፊሉ ወደ ሱዳንና አካባቢው ይወርዳል። የእኛ ምዕራብ ቆላም ዳር ዳሩን ይደርሰዋል። ክንፈ_ብረት ስለ 1919 ሩሲያና ስለ ካርቱም ሲጽፍ ወዲያው ገባኝ። ስኳድሮኑ ያገለገለባቸውን ሁለት አገሮች አንድ ወፍ በየዓመቱ ታገናኛቸዋለች። ወፍ የሚያውቅ ሰው ነው የመረጣት።

ክንፈ_ብረት | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ልክ ነሽ፤ ወፏ የሩሲያና የሱዳን አገልግሎት ማስታወሻ ናት። አንድ ነገር ልጨምር። የአንገቷ ታች ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሳይሆን እንደተቦጨቀ ጨርቅ ሦስት ሹል ሆኖ የወጣ መሆን አለበት። አርማ ነዳፊዎች ይህን ‹ኢሬዝድ› ይሉታል፤ ተነጨ ማለት ነው። በስለት የተቆረጠው ‹ኩፕድ› ይባላል። ሁለቱን ያደባለቀ ሌላ አርማ ሣለ ማለት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጡ ቅጂዎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ማኅሌት_ዘደጋ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ነጩ ላባ አለ! አንገቷም ታች ላይ ሹል ሹል ነው፤ እኔ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። በጣም አመሰግናለሁ። አሁን የሚያጓጓኝ ሌላ ነው፤ ይህ ስኳድሮን በ1933 እውነት እኛ ጋ ነበር?

ክንፈ_ብረት | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ነበረ፤ ያውም ከመጀመሪያው ቀን። ጣሊያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ያወጀችው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ የ47ኛ ስኳድሮን አውሮፕላኖች ከምሥራቅ ሱዳን፣ ኤርኮዊት ከሚባል ሜዳ ተነሥተው አስመራ ያለውን የጣሊያን አየር ማረፊያ ደበደቡ። ያው ቀን 14ኛው ስኳድሮን ምጽዋን ደበደበ። ከ223ኛው ጋር ሦስቱም ዌልስሊ የሚባል አውሮፕላን ነበር የሚያበሩት።

ስለ ዌልስሊ ትንሽ ካላወራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ሞተር ያለው፣ ክንፉ እንደ ጭልፊት የተዘረጋ ቦምብ ጣይ ነው። ገላው እንደ እንቅብ የተጠላለፈ የብረት መረብ ነበር፤ በላዩ ጨርቅ ተወጥሮበታል። መረቡ ስለማይቆረጥ ቦምብ ሆዱ ውስጥ መያዝ አልቻለም፤ ከክንፉ ሥር በተንጠለጠሉ ሁለት ሞላላ ሣጥኖች ነበር የሚሸከመው። ይህን አሠራር ያወጣው ባርንስ ዋሊስ፣ በኋላ ለ617ኛው ስኳድሮን ግድብ የሚሰብረውን ተንጣሪ ቦምብ የሠራው ሰው ነው። በኅዳር 1938 እ.ኤ.አ. ሁለት ዌልስሊዎች ከግብፅ ኢስማኢሊያ ተነሥተው አውስትራሊያ ዳርዊን ድረስ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳያርፉ በርረው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። በ1940 እ.ኤ.አ. ግን ዘመኑ አልፎበት ነበር፤ አጃቢ ሳይኖረው የጣሊያን ተዋጊዎች ሲያገኙት ይቃጠል ነበር። እንዲህም ሆኖ ከረን መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. እስክትወድቅ ድረስ ሠርቷል።

ስለ 617ኛው ካነሣሁ፣ አርማ እንዴት ታሪክ እንደሚነግር ማየት የሚፈልግ የእነሱን ይመልከት። በሦስት መብረቅ የተሰነጠቀ ግንብ፣ ከስንጥቁ የሚፈስ ውኃ፣ ከታች በፈረንሳይኛ ‹ከእኔ በኋላ ጎርፍ›። እሱ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው የሚያወራው፤ የግንቦት 1943 እ.ኤ.አ. የግድብ ሰበራውን። የ47ኛው ደግሞ የሃያ ዓመት የአድራሻ መዝገብ ነው። እኔ የሁለተኛው ዓይነት ይበልጥብኛል።

ወንዝ_ዳር | እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡40

ሁላችሁም በአድናቆት ተንሳፈፋችሁ፤ አንድ ሰው እንኳ ‹ዓባይን ስማችን ለማለት ማን ፈቀደላችሁ?› አላለም። ካርቱም የተቀመጡት በቅኝ ገዢነት ነው። አርማው ያንን ነው ያከበረው።

ክንፈ_ብረት | እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡58

አልከራከርህም። ‹ዓባይ› ሲሉ ያሰቡት ከካርቱም እስከ ካይሮ ያለውን እነሱ የሚቆጣጠሩትን ወንዝ ነው፤ የእኛ ደጋ ትዝም አላላቸውም። ለዚህ ነው ግዮን ግሽ ዓባይን ሊያስገባ ሲል የከለከልኩት። አርማ የነደፈውን ሰው ሐሳብ ነው የሚናገረው፤ እኛ እንዲሆን የምንፈልገውን አይደለም።

ዘውድ_አንባቢ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡15

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ማኅሌት፣ ሁሉም ወፏንና ውኃውን ሲያይ ዘውዱን የጠየቀሽ የለም። ዘውዱ ላይ ከግራና ከቀኝ ተነሥተው ከመስቀሉ ሥር የሚገናኙ ቅስቶች አሉ። ቅስቶቹ እንደ ጎጆ ጣራ ክብ ሆነው ነው የሚገናኙት፣ ወይስ መሐል ላይ ወደ ታች ይሰረጉዳሉ፣ እንደ ልብ ቅርጽ? በጥንቃቄ ተመልከቺ።

ማኅሌት_ዘደጋ | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡40

በማጉያ አየሁት። መሐል ላይ ይሰረጉዳል። ልክ እንደ ልብ።

ዘውድ_አንባቢ | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡55

እንግዲያው መጥፎ ዜና አለኝ። ክቡ ቅስት የቱዶር ዘውድ የሚባለው ነው፤ በጆርጅ ስድስተኛ ዘመን፣ ማለትም አያትሽ ከሱዳን በተመለሱበት ጊዜ የአየር ኃይሉ አርማዎች ላይ የነበረው እሱ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲነግሡ በቅዱስ ኤድዋርድ ዘውድ ተተካ፤ የተሰረጎደው እሱ ነው። ከ1953 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት አርማዎች ሁሉ ተሰርጉደዋል፤ ንጉሥ ቻርልስ በ2022 ወደ ክቡ ቅርጽ እስኪመልሱት ድረስ። ያንቺ ጋሻ በ1933 ዓ.ም. ሊሠራ አይችልም። ቢያንስ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ነው።

ማኅሌት_ዘደጋ | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡05

ለአባቴ እንዴት ነው የምነግረው? ይህን ታሪክ ለሠርግ ለለቅሶ ሲያወራው ነው የኖረው።

ጡረተኛው_መካኒክ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ልጆች፣ ከልጅ ልጄ ጋር ነው የምጽፈው፤ ፊደል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ። ማኅሌት ልጄ፣ አትዘኚ። ይህ ስኳድሮን እኛ ጋ ሁለት ጊዜ ነው የመጣው።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ እንግሊዞች ሄርኩሊስ የሚባለውን ባለ አራት ሞተር ዕቃ ጫኝ ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ሥራውን ‹ቡሽል› ብለው ሰየሙት፤ ቡሽል እንደ እኛ ቁና ያለ የእህል መስፈሪያ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ 1977 አንሥቶ ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። ሠራተኞቹ ላይናም ከሚባለው ሠፈራቸው የሚመጡ የ47ኛና የ70ኛ ስኳድሮን ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ በሜዳ እያረፉ ያራግፉ ነበር። በኋላ መኪናም አውሮፕላንም የማይደርስበት ደጋ ላይ ከአየር መጣል ጀመሩ። በጃንጥላ (ፓራሹት) አይደለም፤ እንዲሁ ነው። አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ 15 ሜትር ያህል ሲቀረው ከኋላ የተከፈተው በር ጆንያውን ይዘረግፋል። ጆንያው በጆንያ ላይ ተደርቦ ይሰፋል፤ የውስጡ ቢፈነዳ የላዩ እህሉን እንዲይዘው። ሜዳውን ቀድመው በሄሊኮፕተር ሄደው የሚያዘጋጁት የፖላንድ ሰዎች ነበሩ። ያኔ ዓለም በሁለት ጎራ ተከፍሎ ሳለ እንግሊዙና ፖላንዱ አንድ ጆንያ ላይ ሲሠሩ አየሁ።

ሰዎቹ ሲለያዩ እንዲህ ያለ ጋሻ ይሰጡ ነበር። ለመካኒክም፣ ለጫኝም፣ ለሾፌርም። እኔም የ70ኛው ነበረኝ፤ ቤት ስንለቅ ጠፋ።

ክንፈ_ብረት | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡48

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ! ይህን እርስዎ ሳይገቡ ማን ይነግረን ነበር? እኔ በቦምቡ ዘመን ተጠምጄ እህሉን ዘልዬው ሄድኩ።

ግዮን27 | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡02

ጋሼ፣ የ70ኛው አርማ ላይ ያለው ክንፍ ያለው አንበሳ አይደል? እንግዲህ አንበሳው እንኳን የእኛ ነው በሉኝ። ይሁዳ አንበሳ!

ጡረተኛው_መካኒክ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

አንበሳ ነው፣ ክንፍም አለው። ግን እነሱ የነገሩኝ ከጥንት አውሮፕላናቸው ሞተር ስም ነው የመጣው ብለው ነው። ኔፒየር ላየን የሚባል ሞተር ነበር፤ ላየን ደግሞ አንበሳ ነው። ሞተር ሲወደስ ደስ ስላለኝ አልረሳሁትም።

ግዮን27 | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡12

በአንድ ክር ሁለት ጊዜ! ተውኩት።

ማኅሌት_ዘደጋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡30

እናቴን ጠየቅኳት። ጋሻዋን ገና ከሩቅ ስታይ፣ ‹ይቺማ የአጎትሽ ናት። በድርቁ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ጆንያ ሲጭን ፈረንጆቹ የሰጡት። እዚያ ቤት አስቀምጧት ነው የሄደው› አለች። ታዲያ ለምን የአያቴ ናት ስትባል ዝም አልሽ ብላት፣ ‹አባትሽ ሲያወራ ማን ያቋርጠዋል? ደግሞስ አያትሽ ከሱዳን የተመለሱት በእግራቸው ነው፤ ጠመንጃና ስንቅ ላይ እንጨት ይጨምራሉ?› አለችኝ።

ለአባቴ ገና አልነገርኩትም። ጋሼ፣ አጎቴ ዛሬ በሕይወት የለም፤ የጻፉትን ግን ለልጆቹ አንብቤላቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ክቡ ላይ የረገፈውን ጽሑፍ በቀለም ላስመልሰው ይሆን?

ዘውድ_አንባቢ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

እንዳትነኪው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሺ፤ ውኃም ዘይትም አታስጠጊ። ስኳድሮኑ ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. ሄርኩሊስ ከእንግሊዝ አየር ኃይል ሲሰናበት አብሮ ተበትኗል። ከጀርባዋ በወረቀት የአጎትሽን ስምና 1977ን ጽፈሽ ለጥፊበት። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሌላ ልጅ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሲያገኛት እኛን አይፈልግም።

ጡረተኛው_መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

በእርሳስ ይጻፍ። ቀለም ይለቃል።